ያላለፈው ኃላፊ፦ የእንግሊዝኛው «ፕረዘንት ፐርፌክት» እና የእኛው «አለ»

በአገራችን የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው አንድ ዜማ አለ። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»፤ «ራይት፣ ሮት፣ ሪትን»፤ «ኢት፣ ኤት፣ ኢትን»። ከመማሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ወይም ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ በሦስት ረድፍ ተደርድሮ የሚገኘው ይህ ዝርዝር እንደ ዳዊት ይደገማል፤ በቃል ተይዞም ለፈተና ይቀርባል። የመጀመሪያው ረድፍ ለዛሬ፣ ሁለተኛው ለትናንት እንደሆነ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል። ሦስተኛው ረድፍ ግን ለመቼ ነው? ዛሬም ካልሆነ፣ ትናንትም ካልሆነ፣ ያ ሦስተኛ ቃል የሚኖረው በየትኛው ቀን ነው?

የተለመደው መልስ ቀመር ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ብሎ ይጽፍና የመደመር ምልክት አድርጎ ሦስተኛውን ረድፍ ያስከትላል፤ ስሙ «ፕረዘንት ፐርፌክት ቴንስ» ነው፣ በአማርኛ «የቅርብ ኃላፊ» እንደ ማለት ነው ብሎ ወደ መልመጃው ያልፋል። ቀመሩ ስሕተት የለበትም፤ ትርጉሙም ከእውነት እጅግ የራቀ አይደለም። ነገር ግን «ቅርብ» የሚለው ቃል ተማሪውን ወደ ሰዓት ቆጠራ ይመራዋል። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሆነው ቅርብ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሆነው ሩቅ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት ለሆነው ነገር ተራውን ኃላፊ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሆነው ነገር ደግሞ ይህንኑ «ፕረዘንት ፐርፌክት» ሲጠቀም ይገኛል። እንግዲያስ የሚለካው ርቀት አይደለም ማለት ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ያለፈው ነገር ዛሬን ይዟል ወይስ ለቅቋል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ እንግሊዞች ራሳቸው በአንድ ቀን አላገኙትም፤ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እኛም ብንሆን በራሳችን መንገድ ከጥንት ጀምሮ ስንጠይቀው ኖረናል። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ያ የሦስተኛው ረድፍ እንቆቅልሽ ከሚያስፈራው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ በታች የአውሮፓውን ታሪክ እ.ኤ.አ.፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት አድርገን እንመለከታለን።

ተይዞ ያለ ዓሣ

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው አስቀድሞ ይነገር የነበረው ጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ግሡን በመልኩ የሚለየው በመሠረቱ ለሁለት ነበር፤ ያለፈና ያላለፈ ብሎ። የሚመጣውን ነገር ሳይቀር በ«ያላለፈ» መልክ ይናገሩት ነበር። «ሃቭ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ዋና ሙያው ባለቤትነትን መናገር ነበር፤ ገንዘብ ማድረግ፣ በእጅ መያዝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዛሬ «ዓሣ ይዤአለሁ» ብለን የምንተረጉመውን ሐሳብ በ«ሃቭ» ሲናገር፣ ቃል በቃል ሲፈታ «ዓሣው ተይዞ አለኝ» እንደ ማለት ነበር። «የተያዘ» የሚለው ቃል የዓሣው ቅጽል ነበርና እንደ ማንኛውም ቅጽል ከዓሣው ጋር በፆታ፣ በቁጥርና በሙያ ይስማማ ነበር። የወሬው ማዕከል ድርጊቱ ሳይሆን በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ዓሣ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቅጽሉ ከስሙ ጋር መስማማቱን ተወ፤ ከዓሣው አጠገብ ተነሥቶ ወደ «ሃቭ» ተጠጋ፤ ከእርሱም ጋር አንድ ግሥ ሆነ። ከዚህ በኋላ በቅርጫት የማይገባውም ሁሉ በዚሁ መንገድ ይነገር ጀመር። ሰው «አይቻለሁ»፣ «ሰምቻለሁ»፣ «ረስቻለሁ» ሊል «ሃቭ»ን ተጠቀመ። ማየትን በእጁ የያዘ፣ መርሳትን በከረጢቱ የከተተ ሰው የለም። ይሁንና ከዚያ ጥንታዊ ባለቤትነት አንድ ፍሬ ነገር ተርፏል፤ ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም ውጤቱ አሁን በእኔ ዘንድ አለ የሚለው ስሜት። የዛሬው «አይ ሃቭ ሪትን ዘ ሌተር» በውስጡ የያዘው ይህንኑ ነው፤ መጻፉ አልቋል፣ ደብዳቤው ግን እነሆ።

ጥንታዊው እንግሊዝኛ ሌላም መንገድ ነበረው። መምጣት፣ መሄድ፣ መነሣት፣ መውደቅ የመሳሰሉት ግሦች የሚያዝ ነገር ስለሌላቸው በ«ሃቭ» ፈንታ «መሆን» በሚለው ግሥ ይታገዙ ነበር። «መጥቷል» ለማለት «ሂ ኢዝ ከም» ይባል ነበር፤ «የመጣ ነው» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የክርስቶስን ትንሣኤ ሲናገር የሚጠቀመው በዚሁ በ«መሆን» ነው። ከ18ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ «ሃቭ» ይህንንም ግዛት ጠቅልሎ ያዘ። ዛሬ ከአሮጌው መንገድ የቀሩት እንደ «ሂ ኢዝ ጎን» ያሉ ጥቂት አባባሎች ናቸው።

ተማሪን ሁሉ የሚያስጨንቀው የ«ትናንት» ክልከላም የራሱ ታሪክ አለው። «ትናንት»፣ «ባለፈው ሳምንት»፣ «በ1990» የሚሉት የተቆረጠ ጊዜ አመልካቾች ከ«ፕረዘንት ፐርፌክት» ጋር አብረው አይቆሙም የሚለው ደንብ ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ሁለቱ አልፎ አልፎ አብረው ይገኛሉ። ድንበሩ የጠነከረው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት ፈረንሳዮች ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። ከሕዝቡ ላቲን የወረሱት በ«አለኝ» የሚታገዝ ግሥ፣ «ዤ ኤክሪ» የሚሉት፣ በንግግር ተራውን ኃላፊ ጊዜ ጨርሶ ተካው፤ ስለዚህ ፈረንሳይ «ትናንት»ን ከዚህ መልክ ጋር ያለ ሐሳብ ያጣምራል። እንግዲህ አንዱ ቋንቋ ድንበር አጠረ፣ ሌላው ድንበሩን አፈረሰ። ሁለቱንም ያደረሳቸው ልማድ ነው።

በላቲን አልጋ ላይ

ስሙስ ከየት መጣ? «ፐርፌክት» የሚለውን ቃል ብዙ ተማሪ «ፍጹም፣ እንከን የሌለው» ብሎ ያውቀዋልና ምን ፍጹም የሆነ ነገር አለው ብሎ ይገረማል። ቃሉ የላቲን ነው፤ በላቲን ሰዋስው ደግሞ «የተፈጸመ፣ ያለቀ» ማለት ነው። የላቲን ሰዋስው ሊቃውንት ያለቀውን ድርጊት ካላለቀው ይለዩበት ነበር።

እንግሊዞች የራሳቸውን ቋንቋ ሰዋስው መጻፍ የጀመሩት ዘግይተው ነው። የመጀመሪያው የታተመ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1586 የወጣው የዊልያም ቡሎካር መጽሐፍ ነው። ጆን ዋሊስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1653 ያሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው የተጻፈው ደግሞ በላቲን ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1762 የሮበርት ላውዝ፣ በ1795 የሊንድሊ መሪ መጻሕፍት ተከተሉ፤ የመሪ መጽሐፍ በተለይ በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች እጅግ ተሠራጭቶ ትውልድ አስተምሯል። መሪ ይህን ጊዜ ሲያብራራ ያለፈውን መናገሩ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ወደ አሁኑም ጊዜ እንደሚያመለክት ጽፏል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር። ይሁንና ስሙ የላቲን፣ አሰላለፉ የላቲን፣ ሰንጠረዡም የላቲን ስለነበር፣ ከዓሣው ቅርጫት የተወለደው የገበሬ አነጋገር የካህን ካባ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት ገባ።

ይህን ስንል አማርኛም ከዚህ ዕጣ እንዳላመለጠ ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት የወጣው የሂዮብ ሉዶልፍ መጽሐፍ ሲሆን የተጻፈው በላቲን ነው። ሉዶልፍ አማርኛን የተማረው ከመካነ ሥላሴው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ተገናኝተው በኋላም በ1652 በጀርመን አገር በጎታ አብረው ሠርተዋል። ዋሊስ የእንግሊዝኛን ሰዋስው በላቲን ባሳተመበት ዓመት ዋዜማ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በጎታ ቤተ መንግሥት የአማርኛን ግሥ ለአንድ ጀርመናዊ ሲያስረዳ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ዘመን በአንድ የላቲን አልጋ ላይ ተለክተዋል።

ቦዝና ማሰሪያ

ከላቲኑ አልጋ አስቀድሞ ግን የአገራችን የሰዋስው ሊቃውንት የራሳቸው ስያሜ ነበራቸው። በግዕዝ ትምህርት ቤት ግሥ ሲገሠሥ «ቦዝ» የሚባል አንቀጽ አለ። ቃሉ ከ«ቦዘነ» ጋር ይዛመዳል፤ ሥራ እንደ ፈታ ሰው ብቻውን ዐረፍተ ነገር አያስርም። «እንግዳው መጥቶ» ብለን ብናቆም የሰሚው ጆሮ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መጥቶ ምን ሆነ? መጥቶ ሄደ? መጥቶ ተመለሰ? ቦዙ ማሰሪያ ይፈልጋል።

አሁን ማሰሪያውን «አለ» እናድርገው፤ «መጥቶ አለ»። ሁለቱ ሲዋሐዱ «መጥቶአል» ይሆናሉ፤ ሲጠብቅም «መጥቷል»። «መጥቼ አለሁ» ደግሞ «መጥቻለሁ» ይሆናል። በየቀኑ ስንናገረው ስፌቱ አይታየንም እንጂ ይህ ግሥ ሁለት ቁራጭ ነው። የፊተኛው ቁራጭ ያለፈውን ድርጊት፣ የኋለኛው ቁራጭ የአሁኑን መኖር ይናገራል። «መጥቷል» ማለት መጣ፣ አሁንም አለ ማለት ነው። በ«አለ» ፈንታ «ነበረ»ን ብናስርበት ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል፤ «መጥቶ ነበር» ሲባል ጆሯችን «ታዲያ ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል።

የእንግሊዙ ዓሣ አጥማጅ «ዓሣው ተይዞ አለኝ» አለ። የአማርኛው ተናጋሪ «መጥቼ አለሁ» አለ። አንዱ ያለፈውን ከዛሬ ጋር ያሰረው በገንዘብ ነው፣ ሌላው በህልውና። ልብ እንበል፤ በአማርኛ ባለቤትነትም የሚነገረው በዚሁ በ«አለ» ነው፤ «ቤት አለኝ» ስንል ቤት ለእኔ አለ ማለታችን ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው «ሃቭ» እና የእኛው «አለ» እንግዶች አይደሉም። ተማሪው በሰሌዳው ላይ እንደ ባዕድ ቀመር የሚያየው ነገር በአፉ ውስጥ ሲኖር የኖረ ነገር ነው።

ይህ ማለት ግን ሁለቱ በልክ ይገጥማሉ ማለት አይደለም። የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ለይቶ ማወቅ የቋንቋው ትምህርት ግማሹ ነው።

አንደኛ፣ አማርኛ በዚህ መልክ የአሁን ሁኔታን ይናገራል። «ተኝቷል» ስንል እንቅልፍ ላይ ነው ማለታችን ነው። «ቆሟል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ለብሷል»፣ «ታሟል»፣ «ርቦኛል»፣ «ደክሞኛል»፣ «ገብቶኛል»፤ እነዚህ ሁሉ በመልካቸው ያለፉ፣ በትርጉማቸው የአሁን ናቸው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ የአሁኑን ጊዜ ይጠቀማል። የተኛን ሰው አይቶ «ሂ ሃዝ ስለፕት» የሚል ተማሪ ደንቡን ሳያፈርስ እውነቱን ያፋልሳል፤ እንግሊዛዊው ሰውዬው ተኝቶ እንደነቃ ይሰማዋልና።

ሁለተኛ፣ አማርኛ «ትናንት»ን አያባርርም። «ትናንት ደብዳቤውን ልኬአለሁ» ማለት ነውር የለበትም። ድርጊቱ የትናንት ነው፤ መላኩ ግን ዛሬም የቆመ እውነት ነው። እንግሊዝኛው በዚህ ላይ ምርጫ ያስገድዳል፤ ወይ ቀኑን ተናገር፣ ወይ ከዛሬ ጋር ያለውን ዝምድና ተናገር፣ ሁለቱን ግን በአንድ ግሥ አትጫን ይላል።

ሦስተኛ፣ በሕይወት ዘመን የደረሰን ነገር አማርኛ የሚጠይቀው በሌላ ግሥ ነው። «ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?» እንላለን። መሄዱን እንደ እውቀት እንቆጥረዋለን። እንግሊዝኛው ግን ይህንንም በዚያው በ«ሃቭ» ይጠቀልለዋል።

አራተኛ፣ ጀምሮ ያላቋረጠን ነገር አማርኛ በአሁን ይናገራል። «ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ»፣ «እዚህ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው» እንላለን። እንግሊዝኛ ለዚህ የአሁኑን ጊዜ አይቀበልም፤ ያለፈው አምስት ዓመት በአንድነት ዛሬን ይዞ ስለቆመ «ሃቭ»ን ይጠይቃል።

አምስተኛና ምናልባትም ከሁሉ የተሰወረው፣ በአሉታ ጊዜ የአማርኛው ልዩነት ይጠፋል። «መጣ» እና «መጥቷል» ሁለት ናቸው፤ ሁለቱን ስናፈርሳቸው ግን የምናገኘው አንድ «አልመጣም» ብቻ ነው። እንግሊዝኛ «ሳይመጣ ቀረ» የሚለውንና «እስካሁን አልደረሰም» የሚለውን በግሡ ይለያል። እኛ ይህን የምንለየው «ገና» እና «እስካሁን» በሚሉት ቃላት ነው። «አልመጣም» ሲባል ተስፋ ይኑር አይኑር ግሡ አይነግረንም፤ «ገና አልመጣም» ሲባል ግን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ እናውቃለን።

የብዙ አገር እንግሊዝኛ

ታዲያ ይህ ሁሉ ዝምድናና ልዩነት ለተማሪያችን ሲገለጥለት ኖሯል? የትምህርት ታሪካችን ሌላ ይነግረናል።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት እንግሊዝኛ ከሚሰጡት የውጭ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከወረራው በፊት በነበረው ዘመን ገኖ የወጣው ግን ፈረንሳይኛ ነው። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ትልቅ ቦታ ነበረው። ያ ትውልድ ያወቀው የ«አለኝ» ግሥ «ትናንት»ን በደስታ የሚያስተናግደው የፈረንሳዩ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣሊያን ወረራ ትምህርቱን አቋረጠ፤ ነጻነት ሲመለስ ደግሞ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አዘነበለ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈቱ፤ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ።

መምህራኑ ግን ከአንድ አገር የመጡ አልነበሩም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያቋቋሙት ዶክተር ሉሲየን ማት የካናዳ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ፤ ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ብዙዎቹ ካህናት የአፍ መፍቻቸው ፈረንሳይኛ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ብዙ የሕንድ መምህራን ነበሩ፤ በሕንድ በሚነገረው እንግሊዝኛ ደግሞ «ትናንት» ከዚህ ጊዜ ጋር አብሮ መሰማቱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። እንግሊዛዊ «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» በሚልበት ቦታ አሜሪካዊ ብዙ ጊዜ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ይላል። አንድ ተማሪ በመጽሐፉ የለንደንን፣ ከአንዱ መምህር የሕንድን፣ ከሌላው የአሜሪካን ደንብ ሊሰማ ይችል ነበር ማለት ነው። ፈተናው ግን አንድ መልስ ብቻ ይፈልግ ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ፣ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኑ፤ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ «ፕላዝማ» ብለን የለመድነው ቴሌቪዥን በየክፍሉ ገባ፤ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ተማሪው «አልገባኝም» ቢለው አይሰማም። በዚህ ሁሉ ዘመን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንዱ ክፍለ ጊዜ የአማርኛ መምህሩ ስለ ቦዝና ስለ ማሰሪያ አንቀጽ፣ በሌላው ክፍለ ጊዜ የእንግሊዝኛ መምህሩ ስለ «ሃቭ» እና ስለ ሦስተኛው ረድፍ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱን ትምህርቶች የሚያገናኝ ድልድይ ግን በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ቋንቋችን ለእንግሊዝኛው እንቅፋት ነው ተብሎ ከደጅ ቆመ እንጂ መሰላል ይሆናል ተብሎ አልተጠራም።

በቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ

ይህ የመምህራን ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን ከአገር የወጣው ወገናችን ይህን ጊዜ በሌላ ሰሌዳ ላይ ያገኘዋል። የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ፣ ኤን 400 የሚባለው ቅጽ፣ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው የሚጀምሩ ጥያቄዎች በተርታ ተደርድረውበታል። ታስረው ያውቃሉ? የእንዲህ ያለ ድርጅት አባል ሆነው ያውቃሉ? የሚሰጠው መልስ ሐሰት ቢሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

አሁን አማርኛችንን እናስብ። «ታስረዋል?» ብሎ የሚተረጉም አስተርጓሚ ያልተጠየቀ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ታስሯል» በእኛ ጆሮ ብዙ ጊዜ አሁን እስር ቤት ነው ማለት ነውና። በፊቱ ነጻ ሆኖ የተቀመጠው ሰው «የለም፣ አልታሰርኩም» ቢል እንደ ቋንቋው እውነቱን ነው። ጥያቄው ግን ከተወለደ እስከዚያች ደቂቃ ያለውን ዕድሜውን ሁሉ የሚጠቀልል ነበር። «አግብተዋል?» እና «አግብተው ያውቃሉ?» መካከልም እንዲሁ ሙሉ የሕይወት ምዕራፍ አለ፤ አግብቶ የፈታ ሰው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ለሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። «ያውቃል» የምትለዋ ትንሽ ግሥ እዚህ ላይ የሰውን እውነት ትጠብቃለች። ይህን የሚያውቅ አስተርጓሚ እንግሊዝኛን ብቻ የሚያውቅ አይደለም፤ አማርኛውንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው።

የኑሮም ጥያቄ አለ። በባዕድ አገር ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ሰው ስለ ትውልድ ከተማው ሲናገር እንግሊዝኛው ምርጫ ያስቀምጥለታል። በተራው ኃላፊ «እዚያ ኖርኩ» ካለ ያ ኑሮ ተዘጋ። «ሃቭ» ካለ ደግሞ፣ ዛሬም እዚያ ነህ ወይ ይሉታል። «ያኔ እዚያ ኖሬአለሁ» በሚለው አማርኛ ግን ቀኑም ያለፈ፣ ነገሩም ከእርሱ ጋር ያለ ሆኖ ይቀመጥለታል። ወገናችን እንግሊዝኛውን ሲያሳስት ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ደንቡን ስላላጠና ላይሆን ይችላል፤ ቋንቋው ሁለት ያደረገበትን ነገር በልቡ አንድ አድርጎ ስለሚይዘው ነው።

ሙታን በየትኛው ጊዜ ይኖራሉ?

የዚህ ልዩነት ጥልቁ ስለ ሞተ ሰው ስንናገር ይታያል። እንግሊዝኛ ሕያው ለሆነ ደራሲ «ብዙ መጻሕፍት ጽፏል» ሲል «ሂ ሃዝ ሪትን» ይላል። ደራሲው የሞተ ዕለት ግን ዐረፍተ ነገሩ ይለወጣል፤ «ሂ ሮት» ይሆናል። ሰውየው ከሦስተኛው ረድፍ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። መዝገቡ ተዘግቷልና ከእንግዲህ የሚጨመርበት የለም።

አማርኛ ይህን መዛወር አያስገድድም። «ዳግማዊ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን አስገብተዋል» ስንል ማንም ሰዋስው ፈረሰ አይለንም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ቢሆንም። «አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ አማርኛን አስተምረዋል» እንላለን፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ከሞቱ ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል። የግሡ ማሰሪያ «አለ» እንደሆነ ካስታወስን፣ ያላወቅነውን ነገር ስንናገር ኖረናል ማለት ነው። እርሳቸው የሉም፤ ማስተማራቸው ግን አለ።

እንግሊዝኛም ቢሆን ለዚህ ጨርሶ በሩን አልዘጋም። ደራሲው ከ«ሃቭ» ቢወጣም መጽሐፉ በዚያው ይቀራል፤ መጽሐፉ ብዙዎችን አስተምሯል ለማለት ዛሬም «ሃዝ» ይባላል። ሰው ያልፋል፣ ሥራው በእጃችን ይቆያል። ያ ጥንታዊ የዓሣ ቅርጫት እዚህም አልተለየንም፤ ያዡ ቢሄድ የተያዘው አለ።

ስለዚህ የዘንድሮውን ተማሪ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ስናስጠና አንድ ነገር ብንጨምርለት መልካም ነው። መጀመሪያ «መጥቷል» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ እንዲፈታው እንጠይቀው፤ ቦዙን ለብቻ፣ «አለ»ን ለብቻ። ቀጥሎም ዓሣውን እናሳየው። ከዚያ በኋላ «ትናንት» የት እንደማይገባ፣ «ተኝቷል» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሆን፣ «ታውቃለህ» የሚለው ግሥ ወዴት እንደሚሻገር እንንገረው። ሦስተኛው ረድፍ ለመቼ ነው ብሎ ሲጠይቅም፣ ላለፈና ዛሬም ላለ ነገር ነው ብሎ በራሱ አንደበት ይመልሳል።